ፕላስቲኩ ያልተገፈፈው ፍራሽ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርእሰ መምህር፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ፣ ወገብዎና ክርንዎ በየቦታቸው እንዳሉ ተስፋ አደርጋለሁ። የልጄ ቀኝ ክርን ከሁለት ሳምንት ወዲህ በጄሶ ስለታሰረ፣ ሰላምታዋን በግራ እጇ እንድታቀርብልዎ ነግሬያታለሁ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ስለ ልጄ አደጋ የጻፉት ሪፖርትም እዚያው ስላለ ነው፤ ብቻውን እንዳይከፋው ብዬ።

አንደኛ፤ ለከፍታ ዝላይ የተገዛውን ወፍራም የማረፊያ ፍራሽ፣ ጎብኚዎች እስኪመጡ እንዳይቆሽሽ ብለው ከነፕላስቲኩ በዕቃ ክፍል ስለቆለፉበት ከልብ አመሰግናለሁ። አሠልጣኙ ሦስት ጊዜ ቁልፉን ቢለምኑዎትም ፍንክች አላሉም። ፍራሹ እስከ ዛሬ አንድ ጭረት አልነካውም። ልጄ ግን የመዝለያውን አግዳሚ ዘንግ ዘልላ ያረፈችው ሲሚንቶ ላይ በተነጠፈ ስስ ምንጣፍ ላይ ነበር።

ሁለተኛ፤ ሪፖርትዎ «ከፍታው የተለመደው ስለሆነ የአደጋው መንስኤ የተማሪዋ የጥንቃቄ ጉድለት ነው» ይላል። ስለ ከፍታው እውነትዎን ነው። ከአንድ ከፍታ የወደቀ ሰው፣ ከታች ያለው ፍራሽ ይሁን ሲሚንቶ፣ ታች ሲደርስ ፍጥነቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ለመቆም የሚያገኘው ጊዜ ነው። ፍራሽ እየሰመጠ ቀስ ብሎ ያቆማል፣ ሲሚንቶ ግን ባንዴ። የመቆሚያው ጊዜ ሃያ ጊዜ ሲያጥር፣ አጥንት ላይ የሚያርፈው ኃይል ሃያ እጥፍ ያህል ይሆናል። ይህን ለእርስዎ መንገሬ «ለቀባሪው አረዱት» እንደሚባለው ነው። ሁለታችንም የፊዚክስ መምህራን ሳለን፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ መጀመሪያ አንሶላ ላላ አድርገን ይዘን ተማሪዎች ባለ በሌለ ኃይላቸው እንቁላል ሲወረውሩበት፣ አንዱ ጫፍ በእኔ፣ ሌላው በእርስዎ እጅ አልነበረምን? አንድም እንቁላል ተሰብሮብን አያውቅም።

ሦስተኛ፤ ልጄን ከዝላይ ቡድኑ አስወጧት። እሱንስ እችለው ነበር። ያልቻልኩት፣ ሪፖርትዎን ካነበበች በኋላ ጥፋቱ የራሴ ነው ብላ አምና እናቷን ይቅርታ መጠየቋን ነው። ያን ቀን አንጀቴ ተቆረጠ። ባዳ ቢያደርገው ባልገረመኝ፤ ያደረጉት ግን እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ ፍራሹ እንዲነጠፍ፣ ልጄም ጥፋት እንደሌለባት በፊርማዎ ተጽፎ እዚሁ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ለንብረት ያለዎትን ርኅራኄ እያደነቅሁ፣ ከጎብኚዎቹ ቀድመው በየጠዋቱ ለሚመጡት ተማሪዎችም ጥቂት እንዲተርፍ እየተመኘሁ፣

የዘጠነኛ ክፍል የፊዚክስ መምህርና የባለ ጄሶዋ ልጅ አባት

ማሳሰቢያ፦ ቢሮህ ድረስ አንድ እንቁላል ልኬልሃለሁ። አንሶላውም ቤተ ሙከራው መሳቢያ ውስጥ እንደነበረ አለ። እኔ የእኔን ጫፍ እንደያዝኩ ነኝ፤ የለቀቅኸው አንተ ነህ።