በራችን ሌባ ነክሶ የያዘ ዕለት

ውድ እህቴ ናርሲሳ፣

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ ወይስ የምታስታምሚያቸው አሮጊት አሁንም ደረጃ ለደረጃ ያንከራትቱሻል? ትንሿ ሚሌናስ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን፤ ባሌ ኤሌውቴሪዮም ከጣቱ በቀር ደህና ነው። ይሄን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ለቅሶ ስለቀደመኝ ነው የምጽፍልሽ።

የመንገዳችን ሰው ሌባ ቢያስመርረው ተሰባስቦ በየደጁ በሪሞት የሚሠራ የብረት በር አስገባ አላልኩሽም? ያ በሮቹን የገጠመው ሰውዬ ታዲያ ለራሱ እንዲቀለው የሁላችንንም ሪሞት አንድ ዓይነት አድርጎት ሄደ። እኔ ስጫን የሥጋ ሻጩ የዶን ጊልቤርቶ በር ይከፈታል፤ እሱ ሲጫን የአስተማሪዋ ይዘጋል። የኛው ደግሞ ደስ ሲለው ብቻ ነው የሚሠራው። የውሻችንን ጅራት ቆርጦታል። ኤሌውቴሪዮ በመዶሻ እየቀጠቀጠ እንደ ሰው ይሰድበዋል።

እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ አንዱ ጎረቤት ሳያውቅ የከፈተልን በር ውስጥ ሰውዬ ገብቶ፣ የጋዝ ሲሊንደራችንን ተሸክሞ ሲወጣ፣ በሩ መጥቶ ደረቱን ጥርቅም አደረገው። ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ዱላና ገጀራውን ይዞ ግልብጥ ብሎ ወጣ። መቼም የኛን ሰፈር ታውቂዋለሽ፣ ፖሊስ የሚጠብቅ የለም። ዶን ጊልቤርቶ በብረት አናቱን ሲለው ደሙ በሩ ላይ ተረጨ። ዝንብ የማትገድለው አስተማሪ እንኳ በጫማዋ ተረከዝ ፊቱን ትቀጠቅጣለች። አንዱ "ቤንዚን አምጡ!" አለ። አምና በኋለኛው መንገድ እንዳቃጠሉት ሰው ሊያደርጉት ነው። ሰውዬው እኔን እያየ "እማዬ፣ እማዬ" ይላል።

ላስለቅቀው ብዬ ሪሞቱን ብጫን ብጫን የኛው በር ወይ ፍንክች!

"አንቺ ዞይላ፣ ለሌባ በር ትከፍቻለሽ? አማችሽ ነው እንዴ?" አለኝ ዶን ጊልቤርቶ።

"አማቼም ይሁን ጠላቴ፣ ይሄ ሥጋ ቤትህ አይደለም! ደጄ ላይ ሰው አታርድም!" አልኩት።

ይሄኔ ከወደታች ጫጫታ ሆነ። ለካ የኛው እምቢ ቢልም የመንገዱ በር ሁሉ ወለል ብሎ ተከፍቷል! "ውይ ቴሌቪዥኔ!" "ኧረ ዶሮዎቼ!" እያለ ሁሉም ወደየቤቱ በረረ። ቤንዚን ያመጣውም ጀሪካኑን ጥሎ ሮጠ። እኔም ጨከንኩባቸው፤ ሊዘጉ ሲሉ እከፍትባቸዋለሁ። በዚህ መሀል ኤሌውቴሪዮ በድጅኖ በሩን ፈልቅቆ ሰውዬውን አወጣው። የገዛ ጣቱ የተቀጠፈው ያኔ ነው።

ሰውዬው አንድ ዓይኑ ቢጠፋም ሆስፒታል ገብቶ ተርፏል። ጎረቤት ግን አኩርፎኛል፤ ዶን ጊልቤርቶም ሥጋ አልሸጥልሽም ብሎኛል። ኤሌውቴሪዮ ጣቱን እያየ "ለሌባ ብዬ!" ይላል።

ትናንት ጠዋት ስወጣ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ደጃችን ተንበርክካ በሩ ላይ የደረቀውን ደም በሻርፗ ስትፈትግ አገኘኋት። የሰውዬው እናት ናት። ተይ ብላት አልሰማ አለችኝ። ባልዲ አምጥቼ አብሬያት አጠብኩ።

ባልሽን ፋውስቶን ሰላም በይልኝ፤ የሚሌናን ጉንጭ ሳሚልኝ፤ አሮጊቷንም እግዜር ይማርዎ በያቸው። እማዬ ጉልበቷን ቢያማትም በስምሽ ሻማ ታበራለች፤ ኤሌውቴሪዮም እንዳኮረፈ ሰላም ብሎሻል።

እህትሽ ዞይላ
ጓያኪል፣ ማርች 14 ቀን 2019