ከእጄ የዘገየው ድምፅሽ

ውድ በረዶዬ፣

እንደምን አለሽ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ደህና መሆንሽን ግን በየጉባኤው ከምትነሺው ፎቶ አያለሁ፤ እኔም ደህና ነኝ ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል። ስለዚህ ሰላምታውን እንዝለለው። በስልክ የጀመርነውን ነገር ልጨርስልሽ ነው የምጽፈው። ስናደድ እንደምንተባተብ ታውቂያለሽ፤ ስልኩንም የዘጋሁብሽ ለዚያ ነው።

የፊዚዮቴራፒ ተማሪ ሳለን አስተማሪያችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ሲመድበን እኔና አንቺ አንድ የመለማመጃ አልጋ ደረሰን። የሰው ደረት መመርመርን አንዳችን በሌላችን ላይ ተማርን። የኔን የጎድን አጥንት እየቆጠርሽ ነው ፈተና ያለፍሽው። እጅሽ ጀርባዬ ላይ ባረፈ ቁጥር እዘል ነበር፤ አንድ ቀን "በረዶ!" ብዬ ስጮህ ክፍሉ በሙሉ ሳቀና ስምሽ ሆኖ ቀረ። አንቺም በተራሽ "ምድጃ" አልሽኝ። በብርዱ ወራት እጅሽን ብብቴ ውስጥ ወሽቀሽ ሌክቸር ትከታተዪ ነበር። እህት የለኝም፤ አንቺን እህቴ አድርጌሽ ነበር።

ከዚያ ሁለታችንም እዚያው አስተማሪ ሆነን ቀረን። ልባቸውን ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች እንዴት በጥልቀት እንደሚተነፍሱ፣ አክታቸውን እንዴት እንደሚያወጡ፣ መሣሪያ በሌለበት ክፍል በእጅ ብቻ እንዴት እንደሚረዱ አብረን አጠናን። ነገሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ታካሚው አየር ሲያስወጣ የታችኛውን ጎድን ቀስ ብሎ እየተጫኑ መከተል፣ ሊያስገባ ሲል መልቀቅ። በግማሽ ትንፋሽ ከዘገዩ ግን እርዳታው ጉዳት ይሆናል። ይህን ለተማሪ በጽሑፍ ማስረዳት አቃተንና ቪዲዮ እንሥራ አልን።

የቀረጽንበትን ቀን ረስተሽው እንዳይሆን። ሊቀረጹ የነበሩት ታካሚ በመጨረሻ ሰዓት "እኔ ፊልም ላይ አልወጣም" ብለው እምቢ አሉን። አንቺ ጫማሽን አውልቀሽ አልጋው ላይ ወጣሽና ፊትሽን በፎጣ ሸፈንሽ።

"ሬሳ መሰልኩ?" አልሽኝ።

"ሬሳ እንዳንቺ አያወራም" አልኩሽ።

እጄን ጎድንሽ ላይ አሳርፌ ትንፋሽሽን እየተከተልኩ ለካሜራው አወራሁ። "አሁን እያስወጣች ነው፣ ጫን እያላችሁ ተከተሏት። አሁን ልታስገባ ነው፣ ልቀቁ።" እጁ የእኔ፣ ድምፁ የእኔ፣ ትንፋሹ ያንቺ ነበር። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ወስዶ ሲቀጥርሽ ቅጂውን ይዘሽ ሄድሽ። "አሳምሬ የሁለታችንንም ስም አስገባበታለሁ" አልሽኝ። አመንኩሽ። ምን ብዬ አላምንሽም?

ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ ባንቺ ስም ብቻ ወጣ። እኔ ያየሁት መምህራን ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ባልደረባችን ስልክ ነው። መጀመሪያ ስምሽ መጣ። ቀጥሎ እጄ መጣ፣ ያቺ ጎብጣ የቀረችው ትንሿ ጣቴ ሳትቀር። በእኔ ድምፅ ፋንታ ያንቺ ድምፅ ጀመረ። እዚያ ላይ ስልኩን መለስኩለት።

"ጎበዝ አስተማሪ ናት፣ አይደል?" አለኝ።

"ጎበዝ ናት" አልኩት።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ሲባል እሰማ ነበር፤ ሲደርስብኝ ግን ወድቄም ድምፅ አላሰማሁም። ይቅር ብዬሽ እንዳይመስልሽ። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት። የከዳሽው አንቺ፣ ያፈርኩት እኔ! አንቺ በማዕረግ ላይ ማዕረግ ስትደርቢ፣ እኔ ያንን ቪዲዮ ድጋሚ ላለመክፈት ምዬ ተማሪዎቼን በገዛ እጃቸው ሳስተምር ከረምኩ።

በቅርቡ ዎርዳችን ውስጥ አንድ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ተኝተው ነበር። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶላቸው፣ ነርሶቹን ሁሉ "ቀበቶ እሰሪ" እያሉ የሚያስቁ ሰው ናቸው። አንዷን ተማሪዬን ለእሳቸው መድቤ እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ሌላ ታካሚ ሳይ ጩኸታቸውን ሰማሁ።

"ኧረ ልጄ! አየሩ ልግባ ሲል በሩን ትዘጊበታለሽ እንዴ?"

ስደርስ ሰውየው ደረታቸውን ይዘው ላብ በላብ ሆነዋል። ተማሪዋ ፊቷ አመድ መስሏል።

"ምን አድርገሽ ነው?" አልኳት።

"ቪዲዮው ላይ እንደሚለው ነው ያደረግኩት፣ መምህር። የተግባር ትምህርቱ ቀን አሞኝ ስለቀረሁ ከዚያ ነው ያጠናሁት።"

ስልኳን ተቀብዬ ያንን ቪዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አየሁት። ክው አልኩ። "ጫኑ" ስትዪ እጄ ተነሥቷል፤ "ልቀቁ" ስትዪ እየተጫንኩ ነው። የኔን ድምፅ አጥፍተሽ ያንቺን ስትለጥፊበት ከእጄ በግማሽ ትንፋሽ ዘገየሽ። ታካሚ በእጅሽ ከነካሽ ስንት ጊዜሽ ነው? እዚያ አልጋ ላይ የተኛሽው ራስሽ ነበርሽ እኮ። የገዛ ትንፋሽሽን አላወቅሽውም።

ሹፌሩ ከዚያ በኋላ ደረታቸውን ማንም እንዳይነካ ከለከሉ። መሳልም ፈሩ። አክታው ሳንባቸው ውስጥ ረጋ፣ ትኩሳት መጣ፣ ወደወጡበት የጽኑ ሕሙማን ክፍል ተመለሱ። ሴት ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ እጄን ይዛ "እየተሻላቸው አልነበር እንዴ?" አለችኝ። ያን ዕለት ነው የደወልኩልሽ።

"ወይኔ! እርግጠኛ ነሽ?" አልሽኝ። ድንጋጤሽ እውነት ነበር፤ አልዋሽብሽም።

"አሁኑኑ አውርጂው" አልኩሽ።

"አሁንማ አይሆንም። የፕሮፌሰርነቴን ጉዳይ ኮሚቴው ሊያየው ነው። ባወርደው ለምን ወረደ ይሉኛል። እስከዚያ ታገሺኝ፣ በናትሽ።"

"እስከዚያ የሚጎዳውስ ሰው?"

"አንቺ ያንቺን ተማሪዎች ንገሪያቸው። የሌላውን የራሱ አስተማሪ ያርመው።" ከዚያም፣ "ደግሞ ምን እንዲህ ያስቆጣሻል? ያንቺ እኮ እጅ ብቻ ነው" አልሽኝ።

እጅ ብቻ! ይህን የምትዪው ለፊዚዮቴራፒስት ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ ቢያሹት አይድንም፤ እኔም እሽት ሥራዬ ሆኖ ይችን ማሸት አቃተኝ። ስሜን ስትሰርዢ ተቃጥዬ ዝም ብያለሁ። በታካሚ ደረት ላይ ጊዜ እንድገዛልሽ ስትለምኚኝ ግን፣ ያቺ እጇን ብብቴ ውስጥ የምታሞቀው ልጅ የለችም ማለት ነው ብዬ አለቀስኩ።

ሹፌሩ ትናንት ትራስ ደረታቸው ላይ አቅፈው እንደ ጎረምሳ ሳሉ። እጄን ለማሳረፍ ብዙ ለመንኳቸው፤ የተማሪዋን እጅ ከእጄ ሥር አድርጌ ትንፋሻቸውን አብረን ተከተልን። "ይሄኛው እጅ በር ያውቃል" አሉ። ተማሪዋ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥላ አለቀሰች።

ካሜራው የእኔ እንደነበር ረስተሻል መሰለኝ፤ የመጀመሪያው ቅጂ፣ ከነድምፄ፣ እኔ ዘንድ አለ። ነገ ጠዋት ይህን ትምህርት ለሚሰጡ መምህራን ሁሉ ይላካል፤ የቀድሞው ስህተት መሆኑንም ጽፌበታለሁ። ከሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ አስቀድሜ ነገርኩሽ። ኮሚቴሽ መቼ እንደሚቀመጥ ግን አልጠየቅኩም።

መጨረሻው ላይ ፎጣውን ከፊትሽ አንስተሽ "ምድጃ፣ እጅሽን አታንሺብኝ፣ ብርድ ነው" እያልሽ የምትስቂበት አለ። አንቺ ድምፄን እንደቆረጥሽው እኔም ይህን ልቆርጠው ተቀምጬ ነበር። ደጋግሜ አየሁትና ተውኩት።

ስምሽንም አልሰረዝኩም። ሁለታችንም የሠራነው ሥራ ከሥር ተጽፏል። "እጅና ድምፅ" በሚለው ፊት የእኔ ስም አለ። ቀጥሎ "የተነፈሰችው" ይላል፤ ከፊቱ ሙሉ ስምሽ ከነማዕረግሽ ተጽፏል።

የቀድሞዋ ምድጃሽ