ስለተሰረዘችው ጳጉሜን

ለክቡር አቶ ደሳለኝ
የ«ጉና በር» ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበር
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣ ክረምቱን በጤና እንደያዙት፣ ቤተሰብዎንና በተለይም አዲሱን ኮምፒውተርዎን ብርድ እንዳልነካቸው ተስፋ በማድረግ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እኔ ማኅበራችን በጳጉሜን ሦስት፣ በሩፋኤል ዕለት፣ ዝናብ እየደበደበን ሲመሠረት ከፈረሙት አባላት አንዷ የነበርኩ ስንዴ አራሽ ነኝ። «የነበርኩ» ያልኩት ተሳስቼ አይደለም፤ ምክንያቱን ዝቅ ብዬ እገልጻለሁ።

አስቀድሜ ላመስግን። ባለፈው ሐምሌ የአባላቱን መዝገብ ከአሮጌው ኮምፒውተር አውጥተው ወደ ዘመናዊ ሲስተም ስላዛወሩልን፣ በምርቃቱም ዕለት ለስላሳ አጠጥተው ያን የሚያህል ንግግር ስላሰሙን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አሮጌው፣ እውነት ለመናገር፣ ተከፍቶ እስኪነሣ ድረስ ሰው ሐሙሲት ደርሶ ይመለስ ነበር። ዛሬ የጥበቃው የጌጡ መቀመጫ ሆኗል። ምስኪን፣ አንድ ነገር ግን ያውቅ ነበር፤ ዓመት ዐሥራ ሦስት ወር እንዳለው።

ቅሬታዎቼም እነሆ፦

1. አዲሱ ሲስተም ወር የሚቆጥረው እስከ ዐሥራ ሁለት ብቻ በመሆኑ፣ በጳጉሜን የተመዘገብን መሥራቾች በሙሉ በዝውውሩ ጊዜ መንገድ ላይ ቀርተናል። ስንዴዬ ሁለተኛውን ዙር ማዳበሪያ ሲጠብቅ ቢጫ ሆኖብኝ ዩሪያዬን ልወስድ ብመጣ፣ ስምሽ የለም ተባልኩ። መዝጋቢዋ ትዝታ፣ እግዜር ይስጣትና፣ አዝናልኝ «ነሐሴ ሠላሳ ሦስት» ብላ ብታስገባው ኮምፒውተሩ በቀይ ጽሑፍ ተቆጣት።

2. ጎረቤቴ አቶ ሙላቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጥቅምት ተመዝግበው ስለነበር ዩሪያ ተመድቦላቸው፣ በአካል ቀርበው እንዲወስዱ በስልካቸው መልእክት ተልኮላቸዋል። አልቀናሁባቸውም። ብቻ አሁን ባሉበት ቦታ ስንዴ የሚዘሩ አይመስለኝም።

3. ለዚህ ሁሉ የሰጡኝ መፍትሔ እንደ አዲስ አባል ተመዝግቤ ለከርሞ ተራ እንድይዝ ነው። ጉድ እኮ ነው! ስንዴው ለከርሞ ይቆየኛል? እኔና ልጆቼ ዓመቱን ሙሉ የምንበላው ከዚያች ማሳ ነው፤ በዚህ ሳምንት ዩሪያ ካላገኘች ገለባ ነው የማጭደው። ይህንኑ ሳመለክት ሲስተሙ አይፈቅድም ብለው መለሱኝ። እስቲ ይንገሩኝ፣ ይህ ሲስተም የማን ልጅ ነው? ሽማግሌ ልላክበት።

አሮጌውን ኮምፒውተር ይመልሱልን አላልኩም፤ እኔም ፈጣን ነገር እወዳለሁ። የጠየቅኩት አንዲት ትንሽ ወር እንድትጨመርልኝ ነው። ይህን ያህል ጊዜዎን በማባከኔ ይቅርታዎን እየጠየቅኩ፣ የማይነጥፍ ጤናና የማይቋረጥ መብራት እመኝልዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮትና ከቢጫ ስንዴ ጋር፣
በሲስተሙ ገና ያልተፈጠረችው
በለጠች ይሻው

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት መሥራች አባላት አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ የመጥራት መብት ስላለን፣ መንገድ ላይ የቀረነው ሁሉ ተሰባስበን ጠርተናል። አጀንዳው አንድ ነው፤ አዲስ ሊቀ መንበር መምረጥ። ቀኑም ማኅበሩ የተወለደበት ጳጉሜን ሦስት ነው። እርስዎም እንዲገኙልን በትሕትና እንጋብዛለን፤ ቀኑ በሲስተምዎ ውስጥ ስለሌለ ሌላ ቀጠሮ እንደማይኖርዎ እርግጠኛ ነኝ።