ጠፋች የተባለችው አልጋዬ ቅርስ ሆና ስለመገኘቷ

ለተከበሩ አቶ ገብረወልድ
የዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች መኖሪያና ንብረት አስተዳደር ኃላፊ
ባሉበት ስብሰባ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ወገብዎ እንዴት ነው? ሦስት ቀን ሙሉ ከስብሰባ ወንበር ሳይነሡ መዋልዎን ከጸሐፊዎ ስለሰማሁ፣ እዚህ ቦሌ ቡልቡላ ሆኜም ያሳስበኛል። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሐምሌ ላይ ጋዋን ለብሼ ከእጅዎ ባዶ ፎልደር የተቀበልኩት ኑራ ሃይደር ነኝ። የዩኒቨርሲቲውንና የከተማይቱን ስም እዚህ አልጠራም፤ እነሱ ምን በደሉ።

ይህን በአደባባይ የምጽፈው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም። በጽሕፈት ቤትዎ በኩል ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች እስከ ዛሬ «እየታዩ» ስለሆነ፣ ሦስተኛው በብዙ ዓይን ቢታይ ይፈጥናል ብዬ ነው። ጉዳዩ አጭር ነው። ኦሎምፒያ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ፈተናውን አልፈሻል፣ እስከ ፊታችን ዓርብ ኦሪጅናል ዲግሪሽን ካላመጣሽ ግን ተጠባባቂዋን እንጠራለን ብሎኛል። ዲግሪው ያለ ክሊራንስ አይሰጥም። በክሊራንሱ ቅጽ ላይ ካሉት አሥራ አንድ ፊርማዎች አሥሩን አግኝቻለሁ፤ የቀረው የእርስዎ ነው። የእርስዎ ቢሮ ደግሞ «ከብሎክ ሦስት፣ ክፍል 214 አንድ የብረት አልጋ ጎድሏል፤ የተረከበችው ኑራ ናት» ይላል። ቅሬታ ማቅረብ ስለማያምርብኝ፣ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ገና አንደኛ ዓመት ሳለሁ ለክፍሉ ዕቃ ሁሉ ስላስፈረሙኝ አመሰግናለሁ። በግቢያችን ልማድ ቀድማ የደረሰች ተማሪ ለስድስቱም ትፈርማለች። አባቴ ልጄ እንዳትዘገይ ብሎ ከሁሉ አስቀድሞ ስላደረሰኝ፣ ለስድስት አልጋ፣ ለስድስት ፍራሽና ለአንድ መጥረጊያ ፈረምኩ። አምስቱ ጓደኞቼ ምንም ስላልፈረሙ ምንም አልጎደለባቸውም፤ ዲግሪያቸውን ይዘው ሥራ ገብተዋል። ቀድሞ መድረስ ምን እንደሚያመጣ በአራት ዓመት ውስጥ ያስተማረኝ ኮርስ አልነበረም።

ሁለተኛ፦ ክሊራንሴን ላስፈርም ስመጣ ሦስት ቀን ስብሰባ ስለዋሉ አመሰግናለሁ። በዚያች ታሪካዊ ከተማ አራት ዓመት ስኖር ግንቡን ያየሁት በዶርም መስኮት፣ ያውም በተሰጣ ልብስ መሐል ብቻ ነበር። ሁልጊዜ ፈተና ነው፣ ሁልጊዜ የውሃ ወረፋ ነው፤ ግንቡ ስንት መቶ ዓመት የቆመ፣ ነገስ የት ይሄዳል እያልን ተመረቅን። በእርስዎ ስብሰባ ምክንያት ግን ገብቼ ድንጋዩን በእጄ ዳሰስኩት። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ፤ አጠገቡ አራት ዓመት ተኝቼ ሳላየው በመኖሬም አፈርኩ። አስጎብኚው የግንቡ በሮችና መስኮቶች የት እንደገቡ እንደማይታወቅ ሲነግረን ወዲያው እርስዎ ትዝ አሉኝ። ግንቡን ያሠሩት ንጉሥ ያን ሁሉ በር አጉድለው በክብር ተቀበሩ፤ ክሊራንስ አምጡ ያላቸው የለም። በእርስዎ ዘመን ባለመንገሣቸው እድለኛ ናቸው።

ሦስተኛ፦ ዋናው ምስጋናዬ ይህ ነው። በሦስተኛው ቀን «አሁንም አልወጡም» ስባል፣ ዩኒቨርሲቲው ለምሥረታ በዓሉ ወደከፈተው አዲስ ሙዚየም ገባሁ። የሙዚየሙ አስጎብኚ አቶ ተካልኝ ትሑት ሰው ናቸው፤ ከጎብኚዎች ጋር እያዞሩ የድሮ የጽሕፈት መኪና፣ የድሮ ደወል፣ የድሮ ወንበር አሳዩን። ከዚያም በቀይ ገመድ የታጠረች አንዲት የብረት አልጋ ፊት አቆሙን። በብረቷ ላይ በሚስማር የተጫሩትን ሠረዞች እያመለከቱ፣ የቀደምት ተማሪዎች በጥናት ያሳለፏቸውን ቀናት የቆጠሩባቸው ናቸው ሲሉ፣ አንዲት እናት ስሜታቸው ተነክቶ ዓይናቸውን ጠረጉ።

እኔም ዓይኔን ጠረግሁ፤ የማየውን ማመን ስላቃተኝ ነው። ሠረዞቹን የጫርኩት እኔ ነኝ። የጥናት ቀናት ሳይሆኑ የክፍላችን የውሃ ተራ ናቸው፤ በአንዱ በኩል ሠረዙ የሳሳው የክፍል ጓደኛዬ የመኪያ ስለሆነ ነው፣ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ሆዷን ያማት ነበርና። በአልጋዋ እግር ላይ በቀለም የተጻፈው 214 እንኳ አልተፋቀም። ይህች አልጋ ባለፈው የካቲት የእርስዎ ሠራተኞች «ለጥገና ነው» ብለው ከሥሬ የወሰዷት ናት። ከዚያ እስከ ምረቃዬ ከመኪያ ጋር በአንድ አልጋ ራስና ግርጌ ሆነን ተኛን። በገመዱ ላይ የተንጠለጠለው ካርድ «ጥንታዊ የተማሪ አልጋ። ለትውልድ በክብር ተጠብቃለች። አይንኩ፣ አይቀመጡባት» ይላል። ከሥሩ የዩኒቨርሲቲው ማኅተም አለ፤ ከማኅተሙ ጎን የቅርስ አሰባሳቢ ኮሚቴው ሰብሳቢ ፊርማ አለ። ሰብሳቢው እርስዎ ነዎት። «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» የሚለውን ተረት በእርስዎ ፊት ማንሳት ነውር ስለሆነ አላነሳውም።

አራተኛ፦ ስለ አሠራራችሁ ጥንቃቄም አመሰግናለሁ። ቢሮዎ «አልጋዋ ሙዚየም ካለች ሙዚየሙ ይጻፍልሽ» አለኝ። አቶ ተካልኝ «ያለ ሰብሳቢው ፈቃድ አልጽፍም» አሉኝ። ስለዚህ እርስዎ ለራስዎ ደብዳቤ ጽፈው፣ ከራስዎ ተቀብለው፣ ለራስዎ መልስ እስኪሰጡ ድረስ እጠብቃለሁ ማለት ነው። የብሎካችን ጥበቃ ወይዘሮ አሰገደች አልጋዋ ስትወጣ በሩን የከፈቱት እሳቸው ናቸው፤ ይመስክሩልኝ ብላቸው «የኔ ልጅ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ዓይኔ ግን ማኅተም የለውም» አሉኝ።

ክቡር ሆይ፣ ለአንድ አፍታ ቀልዱን ልተወው። አባቴ ሃይደር ከቡልቡላ ቦሌ ሚኒባስ ይሠራል። ገና ግንቦት ላይ የወርቅ ቀለም ያለው ፍሬም ገዝቶ ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀለው። ፍሬሙ ይኸው እስከ ዛሬ ባዶውን ግድግዳ ያሳያል። ጎረቤታችን ወይዘሮ አስመረት በመጡ ቁጥር ቀና ብለው አይተው «ሃይደር፣ አሁንም አልመጣም?» ይላሉ፤ አባቴም «መንገድ ላይ ነው» ይላል፣ መኪና የተበላሸበት ይመስል። አንድ ቀን እንኳ ምነው ብሎ አልጠየቀኝም። እኔን ያናደደኝ የአልጋዋ ነገር አይደለም፤ ይህ ነው።

ስለዚህ ከሁለት አንዱን እለምናለሁ። ወይ አልጋዋ እንዳልጠፋች አምነው እስከ ዓርብ ይፈርሙልኝ፤ ወይ ደግሞ ያለ ባለቤቷ ጎድላ እንዳትታይ እኔንም ወስደው ከጎኗ ያቁሙኝ። ገመዱ ለሁለታችንም ይበቃል።

ወገብዎን እያሞቁ በጤና ይሰንብቱልኝ።

በታላቅ አክብሮት፣ በተሟላ ትዕግሥትና ባልተሟላ ክሊራንስ፣
ኑራ ሃይደር
የክፍል 214 ዕቃዎች ተረካቢ፣ በሕይወት ያለች ቀደምት ተማሪ
ቦሌ ቡልቡላ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለአቶ ተካልኝ፣ ለአልጋዋ እንዲያነቡላት

ይህን ከፈረምኩ በኋላ የሆነ፦ በገመዱ ላይ ያለውን ካርድ በስልኬ ፎቶ አንስቼው ነበር። ትናንት ለአባቴ አሳየሁት። አጉልቶ ካየው በኋላ ስልኬን ይዞ ወጣ፤ ኦሎምፒያ አሳትሞት ተመለሰና ፍሬሙን አውርዶ አስገባው፤ መልሶም ሰቀለው። ወይዘሮ አስመረት ዛሬ ጠዋት አይተው እንኳን ደስ ያላችሁ ብለዋል። ማኅተሙ የዩኒቨርሲቲው ነው፣ ፊርማው የእርስዎ ነው፤ የጎደለው ስሜ ብቻ ነው።