ከአፈሙዙ የተነቀለችው የጥድ ቅርንጫፍ ትመለስልኝ

ለሽቫርዝግሩንድ ወረዳ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ለክቡር አቶ ኤክሃርት ሎህ

ቀን፦ ኦክቶበር 14 ቀን 2019

ጉዳዩ፦ የሟች ባለቤቴ የአደን ጠመንጃ አፈሙዝ በብረት እንዲደፈን የተሰጠው ውሳኔ እንዲሻርልኝና ከጠመንጃው ጋር የተወሰደችው የጥድ ቅርንጫፍ እንድትመለስልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች ሮስቪታ ኩመር የሂንተርባህ መንደር ነዋሪ ነኝ። ከባለቤቴ ከላምበርት ጋር በዚህ ሸለቆ የተሠሩ የጥንት የአደን ጠመንጃዎችን ስንሰበስብ ኖረናል። እኛ ቤት ጠመንጃ ለጌጥ አይሰቀልም፤ ይተኮሳል። በወጥ ቤቴ ምድጃ እርሳስ አቅልጬ ጥይት የማወጣውም እኔ ነኝ፤ ላምበርት እጁን እያቃጠለ ስላስቸገረኝ ከልክዬው ነበር። እሱ በፌብሩዋሪ ዐረፈ።

1. በሸለቆአችን ባለጠመንጃ ሲሞት በጠመንጃው አፈሙዝ ውስጥ የጥድ ቅርንጫፍ ይሰካል። ጠመንጃው ሐዘን ተቀመጠ ማለት ነው። ወራሹ በአዳኞች በዓል፣ ኖቬምበር 3፣ ቅርንጫፉን በገዛ እጁ ነቅሎ አንድ ጥይት ይተኩሳል፤ ሐዘኑም ያበቃል። ይህን እዚህ ዳዴ የሚል ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል።

2. የጽሕፈት ቤትዎ መርማሪ አቶ ቶርበን ቪልከ ግን አያውቁም። ከሰሜን ባሕር ዳርቻ መጥተው ወንበራቸው ገና አልሞቀም። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ሳይሆን አይቀርም። ለውርስ ምዝገባ ጠመንጃውን ሊያዩ ሲመጡ የፕለም ኬክ ቆርሼ አስተናገድኳቸው፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። አፈሙዙን በባትሪ አዩና «የፈጣሪ ያለህ! ተደፍኗል እኮ! እማማ፣ ቢተኮስ ፊትዎን ነው የሚበትነው!» ብለው ጮኹ። ሥርዓታችንን አስረዳሁ። ወደ ወንድሜ ልጅ ወደ ዩርገን ዞረው፣ እኔ እዚያው ቆሜ፣ «አክስትህ ትንሽ ግራ ተጋብተዋል መሰለኝ» አሉት። ዩርገንም ኬኩን እንደጎረሰ «አክስቴ ዘንድሮ የመንደሩን ተኳሾች በሙሉ አሸንፋ የተኩስ ንግሥት ተብላለች፤ ግራ የተጋባውስ ሌላ ሰው ነው» አላቸው።

3. ከዚያ ቅርንጫፏን በጉጠት ነቅለው በላስቲክ ከረጢት አሸጓት። ጠመንጃውንም ይዘው ሊሄዱ ሲሉ «ቅርንጫፏን እንኳ ይተዉልኝ» ብዬ ለመንኩ። ለመንኩ! «ምን ቸገረዎት እማማ፣ ጫካው ሙሉ ጥድ ነው፤ ሌላ ይቁረጡ» አሉኝ። እማማቸው አይደለሁም፤ ብሆን ኖሮ አነጋገር አስተምራቸው ነበር።

4. ከዚያ ውሳኔው መጣ፦ ወራሿ «የመተኮስ ፍላጎትም ሆነ ችሎታ ስለሌላቸው» አፈሙዙ በብረት ይደፈን። ተደፍኗል ተብሎ አደገኛ የተባለ ጠመንጃ፣ መድኃኒቱ ለዘላለም መደፈን ሆነ! እንዲህ ያለ ጥበብ ደመወዝ ይከፈልበታል ብዬ አስቤ አላውቅም። ደግሞስ የተኳሽነት ፈቃዴን የሰጠኝ ይኸው የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ፊርማውም የእርስዎ ነው። እንግዲህ ወይ ፊርማዎ ውሸት ነው፣ ወይ አቶ ቪልከ ማንበብ አይችሉም። ለእርስዎ ክብር ስል ሁለተኛውን መርጫለሁ።

ስለዚህ ውሳኔው ተሽሮ ጠመንጃው፣ ብረት ሳይነካው፣ ከበዓሉ በፊት እንዲመለስልኝ በትሕትና አመለክታለሁ። አንዴ ከተደፈነ የላምበርት ቅድመ አያት የሠሩት አፈሙዝ አይድንም።

ስለ ቅርንጫፏ ደግሞ ይህን ልናገር። ላምበርት ሊሞት ሲል፣ ቆሞ መሄድ እያቃተው፣ እኔ ክንዱን ደግፌው ከጓሮአችን ጥድ ራሱ ቆረጣት። «ሌላ ሰው እንዳይነካት፤ አንቺ ሰክተሽ አንቺው ትነቅያታለሽ። እንዳትስቺ ታዲያ፣ እሰማሻለሁ!» አለኝ። ሳቅን። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ጫካው በጥድ የተሞላ መሆኑን ለማወቅ ከባሕር ዳርቻ መርማሪ አያስፈልገኝም። ላምበርት የቆረጣት ግን ያችው አንዷ ናት። ከነላስቲኳም ቢሆን ይስጡኝ። መልሼ እሰካታለሁ፤ በበዓሉ ዕለትም በገዛ እጄ እነቅላታለሁ።

አልስትም።

ለእርስዎ ከሰላምታ ጋር፤ ለአቶ ቪልከ ግን ሰላምታዬ አይድረሳቸው።

(ፊርማ)
ሮስቪታ ኩመር
ሂንተርባህ