ምንም አይሰማህም ላልሽኝ

ለምወድሽ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ ለቀቀሽ? አባታችን ጋሼስ ሳሉ ተሻላቸው? ከሁሉ በላይ ነፍሰ ጡሯ ልጅሽ እንዴት ናት? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ያን ዕለት ስትደውዪልኝ የእንጨት መሰንጠቂያው ማሽን ገና መጥፋቱ ነበር። «ልጄ ወደቀች» ስትዪኝ «ወለደች» መስሎኝ «እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ!» ብዬ ጮህኩ። ጭራሽ አናጺዎቹን ሰብስቤ አስጨበጨብኳቸው። ስልኩን ስትዘጊብኝ ካርድ አለቀባት ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። «አንተ ምንም የማይሰማህ ሰው ነህ» የሚለው መልእክትሽ ሲደርሰኝ ግራ ገባኝ። ከደረጃ ወድቃ አልጋ ላይ መዋሏን፣ ፅንሱ ግን መትረፉን ጋሼ ጽፈው ባስረዱኝ ጊዜ እንደ ልጅ አለቀስኩ። የማይሰማው ጆሮዬ ነው እንጂ አንጀቴ አይደለም፣ እታለም።

ዓምና መሥሪያ ቤቱ ሁላችንንም አስመርምሮን ነበር። ነርሷ ሹካ የመሰለ ብረት መታ አድርጋ ከጆሮዬ ጀርባ አጥንቱ ላይ አስደገፈችና «ይሰማሃል?» አለችኝ። «በደንብ ይሰማኛል» አልኳት። አልዋሸሁም፤ መንቀጥቀጡ እስከ መንጋጋዬ ይሰማኝ ነበር። ጤነኛ ነህ ብላ ሸኘችኝ። ሰሞኑን ተመልሼ ስሄድ «ድምፁ ነው ወይስ መንቀጥቀጡ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለካ ያች አንዲት ቃል ሁለታችንንም ሸውዳናለች። ሳቅን፤ ቀድማ ሳቋን ያቆመችው ግን እሷ ናት። ቀኝ ጆሮዬ እንደሄደ፣ ግራውም እየተከተለው እንደሆነ፣ የሄደው እንደማይመለስ ወረቀት ላይ ጽፋ አሳየችኝ።

ከዚያ ወዲህ ያቺን «ይሰማሃል» የምትል ቃል ሳሰላስላት እውላለሁ። ሰው ብርድ ይሰማዋል፣ ረሃብ ይሰማዋል፣ ሐዘን ይሰማዋል። እናታችን «ይኼ ልጅ አይሰማም» የምትለኝ ደግሞ አልታዘዝ ስላት ነበር፤ ያኔ ጆሮዬ የድመት ነው። ከዚህ ሁሉ የጎደለብኝ አንዱ ብቻ ነው ብዬ እጽናናና፣ እዚያ አንዱ ውስጥ ያንቺ ድምፅ እንዳለ ትዝ ሲለኝ ይከፋኛል።

ይቅር በዪኝ። መቆጣትም ካማረሽ ጽፈሽ ተቆጪኝ፤ በስልክ ግማሹ ያመልጠኛል።

ጋሼን ጉልበት ሳሚልኝ። ታናሽ ወንድማችንን ስደውልለት እንዳይጮህብኝ ንገሪው፣ መጮኹ አይጠቅመኝም። ለልጅሽ፣ አጎትሽ በመውደቅሽ አላጨበጨበም በያት። ሕፃኑ ተወልዶ ስመጣ ደግሞ «አይሰማውም» ብላችሁ እንዳትነፍጉኝ። ሲያለቅስ ስጡኝ፤ ደረቴ ላይ ይሰማኛል።

ወንድምሽ
ከእንጨት ሥራው ቤት፣ ከላይኛው ክፍል
መጋቢት ፲፪ ቀን