ወፉ እግር ሥር ያለው ጥላ

እህቴ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? የአንድ ወፍ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ ብለሽኝ ነበር። ልጄ በሕይወት ሳለች ትመላለስበት የነበረው ሐይቅ ዳር ነኝ። እኛ ሰፈር ውሃ የምናየው በባልዲ ነው፤ እዚህ ግን ሰማዩን ሁሉ ይዞ ተኝቷል። እግረ ረጃጅም ወፎች ውስጡ ቆመዋል፤ ከሥራቸው መልካቸው ተዘቅዝቆ ይታያል።

በልጄ ካሜራ አንዱን ላነሳ ስል ካሜራው ሞልቶ ቦታ የለም አለኝ። አጠገቤ የነበረ አንድ ጀልባ ቀዛፊ፣ «እማማ፣ የተበላሸ ፎቶ ያጥፉና ያንሱ» ብሎ ራሱ ይፈልግልኝ ጀመር። «ይቺ ትጥፋ፣ የሰው ጥላ ገብቶባታል።»

ተቀብዬው አየሁ። ከዳር የተነሳ ረጅም ጥላ ወፉ እግር ድረስ ተዘርግቷል። ክርኖቿን ከፍታ ካሜራ ይዛለች። አንቺ የድስት ክዳን የምትይው ባርኔጣዋም አለ።

«ልጄ ናት» አልኩት። ቀዛፊው ካሜራውን ከእጄ ወስዶ ቀስ ብሎ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ። ከዚያ በኋላ አንድም አላነሳሁም።

ፎቶ ቤት ወስጄ፣ አሁን ጀርባው ላይ የምጽፍልሽን ካርድ ያሠራሁት ከዚሁ ፎቶ ነው፤ ወፉም አለ፣ እሷም አለች።

ቦታ አለቀብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ ባልሽንም ሰላም በዪልኝ። ሐሙስ እመጣለሁ። የቤቴ ቁልፍ አንቺ ጋ ነውና ቀድመሽ ከፍተሽ ጠብቂኝ፤ ቤቱን ብቻዬን አልግባው።